ያልተቀመሰው አይብ

ጋሽ ሀብተወልድን የገና ማግስት ጠዋት ሞተው ያገኟቸው አከራያቸው ናቸው። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነበር። ዕድሜያቸውን አውሮፕላን ሲጠግኑ ኖረው ለጡረታቸው ናይሮቢን የመረጡ፣ ሁርሊንግሃም ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይተው ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው ናቸው። እኔና ሳጅን ሙዌንዴ ስንደርስ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ አጠገባቸው ባልዲ አለ። የበዓል ነጭ ልብሳቸውን እንኳ አላወለቁም።

«መርዝ ይሆን?» አለች ሙዌንዴ። ከእሷ ጋር የምናወራው በስዋሂሊ ነው፤ እዚህ በአማርኛ አስቀምጠዋለሁ።

«ወይ መርዝ ነው፣ ወይ ምግብ» አልኳት።

ከምሳ በፊት መልሱ መጣ። በተመሳሳይ ሕመም አሥራ አንድ ሐበሾች ሆስፒታል ገብተዋል። ሁሉም፣ ጋሽ ሀብተወልድን ጨምሮ፣ የገና ለት ንጋት ላይ ከቅዳሴ መልስ ጾማቸውን የገደፉት አንድ ቤት ነው፤ ወይዘሮ ታየች ምግብ ቤት።

ስሜ ዮአብ ጉዮ ይባላል። ተወልጄ ያደግኩት ሞያሌ፣ በኬንያ በኩል ነው። አባቴ ኬንያዊ ቡርጂ ነው፤ እናቴ ድንበሩን ተሻግራ ያገባችው አማርኛ ተናጋሪ ናት። ስለዚህ ሐበሻ ያለበት መዝገብ በመጣ ቁጥር አለቆቼ ለእኔ ይወረውሩታል። እኔ ደግሞ ሰው ሁሉ እስኪጣራ ድረስ ውሸታም ነው ብዬ የማምን ሰው ነኝ። ሚስቴ ይህን ጠባዬን አትወደውም፤ ደመወዝ የሚከፈለኝ ግን ለእሱ ነው።

በማግስቱ ስንሄድ ምግብ ቤቱ ታሽጓል። ወይዘሮ ታየች ከተዘጋው በር ውጭ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጠበቀችን። አርባዎቹን የጀመረች፣ ቀጥ ብላ የምትቀመጥ ሴት ናት።

«ላቦራቶሪው አይቡ ነው ይላል» አልኳት። «የተበላሸ አይብ ነው ያቀረቡት።»

«ኢንስፔክተር፣ እኔ ናይሮቢ ሃያ ዓመት አብስያለሁ። አንድ ሰው ሆዱን ቆርጦት አያውቅም።»

ሙዌንዴ በእንግሊዝኛ ጣልቃ ገባች። «ከማቅረብሽ በፊት ቀምሰሽው ነበር?»

«አልቀመስኩትም።»

«ሃያ ዓመት ያበሰለች ሴት ሳትቀምስ ታቀርባለች?» ሙዌንዴ ወደ እኔ ዞረች። ፊቷ ላይ «ያዝኳት» የሚል ነገር ነበር።

ታየች ለእኔ በአማርኛ መለሰች። «ዋዜማ ነው ያዘጋጀሁት። ጾም ነው። አርባ ሦስት ቀን ጾሜ በመጨረሻው ቀን አይብ አፌ ውስጥ ላስገባ? በቅቤና በሚጥሚጣ ለውሼ ከደንኩት። ንጋት ላይ ደግሞ ሰው ከቤተክርስቲያን ጎረፈ። ሳስተናግድ እስከ እኩለ ቀን እህል አልቀመስኩም፤ በኋላም አይቡ አልቆ ነበር።»

ይህን ለሙዌንዴ ማስረዳት ቀላል አልነበረም። እናቴ ለፋሲካ ዶሮዋን ስትሠራ የጨውን መጠን በማሽተት ብቻ ትለካ ስለነበር እኔ ገብቶኛል። ቢሆንም ጾም ለስንቱ ውሸት መሸፈኛ ሲሆን አይቻለሁና ቃሏን መዝግቤ አጠገቡ የጥያቄ ምልክት አደረግኩበት።

«አይቡን ከየት ገዙት?»

«ላቪንግተን፣ ኪሩቤል ሱፐርማርኬት። ሁሌም ከእሱ ነው። ሃያ አራት ዕቃ አዝዤ ዋዜማ ጠዋት አመጡልኝ።»

«ቅናሽ ነበረበት? ቢጫ ስቲከር?»

እንደ ስድብ ነው የቆጠረችው። «ቢጫ ስቲከር ያለበት ነገር ወጥ ቤቴ አይገባም። ለራሴ ቤት ልገዛ እችላለሁ፤ ለእንግዳ አላቀርብም።»

«ቀኑንስ አይተውታል?»

«አላየሁም። አምኜ ነው የተቀበልኩት።» ከዚያ ድምጿ ዝቅ አለ። «ጋሽ ሀብቴ ዘጠኝ ዓመት በየቀኑ እኔ ጋ ነው የበሉት። አሁን ሰው ታየች ገደለቻቸው ይላል። እሥሩን እችለዋለሁ፤ ስሜን ግን አጥሩልኝ። ሌላ ምንም አልለምንዎትም።»

መዝገቡ ዓርብ ለዐቃቤ ሕግ መተላለፍ ነበረበት። ቀኑ ረቡዕ ነው።

ሙዌንዴ ከምግብ ቤቱ ቆሻሻ ውስጥ ጓንት አድርጋ አሥራ አንድ የአይብ ክዳኖች ለቀመች። ሁሉም ላይ በሐምራዊ ቀለም 30 02 የሚል የእጅ ማኅተም ተመቷል። ቢጫ ስቲከር የለም። ገልብጬ አየሁና ማስታወሻዬ ላይ «የመሸጫ ቀኑ አላለፈም፣ ገና ሁለት ወር ገደማ ይቀረዋል» ብዬ ጻፍኩ። ይህ ለታየች መጥፎ ዜና ነበር። አይቡ ከሱቅ ሲወጣ ደህና ከነበረ የተበላሸው እሷ እጅ ነው ማለት ነው።

የሱፐርማርኬቱ ባለቤት ኪሩቤል ይህንኑ ለመናገር ጊዜ አላጠፋም። ደልደል ያለ፣ ሸሚዙ ላይ እስክሪብቶ የሚደረድር ሰው ነው።

«ለሟቹ በጣም አዝናለሁ» አለ። «ታየች የድሮ ደንበኛዬ ናት፤ በእሷ ላይ ክፉ መናገር አልፈልግም። ግን ማቀዝቀዣዋ አሮጌ ነው። ይህን ሁሉም ያውቃል።»

ክፉ መናገር አልፈልግም የሚል ሰው ምን እንደሚያስከትል የታወቀ ነው። አሠራሩን እንዲያስረዳኝ ጠየቅኩት።

«አይብ በትልቅ በርሜል ከወተት ፋብሪካ ይመጣል፣ እኛ እዚሁ በግማሽ ኪሎ ዕቃ እናሽገዋለን። የመሸጫ ቀኑን በእጅ ማኅተም እንመታበታለን፤ ቁጥሩ እየዞረ የሚስተካከል ማኅተም ነው። ሊያልፍበት ሦስት ቀን ሲቀረው ቢጫ ስቲከር ተለጥፎ ዋጋው ይወርዳል። ቀኑ ሲደርስ ያልተሸጠው ክዳኑ ተከፍቶ በረኪና ይደፋበታል። በረኪና የምንደፋበት ሰው ከቆሻሻ አንስቶ እንዳይበላው ነው። ሁለት ሰው ቆሞ አይቶ ይፈርማል።»

የዲሴምበር ሠላሳውን ፎርም አወጣልኝ። ሠላሳ ስድስት ዕቃ አይብ ተወግዷል ይላል። ሁለት ፊርማ አለበት፤ የእሱና የሔኖክ፣ ቢጫ ስቲከር የሚለጥፈው ልጅ።

«ቆመው አይተዋል?»

«ፈርሜአለሁ እኮ።»

«እሱን አይደለም የጠየቅኩዎት።»

ከእስክሪብቶዎቹ አንዱን አውጥቶ መልሶ ሰካው። «የታየች ትዕዛዝ ከአዲስ ዕቃ ነው የሄደው» አለ በመጨረሻ። አዲሱ ዕቃ የገባበትን ሰነድ ብጠይቀው ነገ እፈልግልዎታለሁ አለኝ።

ስወጣ ከማሸጊያው ክፍል አንዲት ቀጭን ልጅ ተከተለችኝ። የሱቁን አረንጓዴ ሽርጥ ታጥቃለች፣ ዓይኗ ቀልቷል።

«ጋሼ፣ ምርቃት እባላለሁ። የታየች ታናሽ እህት ነኝ።»

«እዚህ ነው የምትሠሪው?»

«ከመጣሁ ጀምሮ። ትዕዛዙን ያሸግኩት እኔ ነኝ። እቴቴ ጥፋት የለባትም። ቀኑን በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ አላለፈበትም።»

«ይህ እኮ እሷን አይጠቅማትም» አልኳት።

አልገባትም። ክዳኑ ላይ ያለው ቀን ደህና ከሆነ ጥፋቱ ወደ ወጥ ቤቱ እንደሚዞር ሳስረዳት ፊቷ አመድ መሰለ። አዘንኩላትና ትቻት ሄድኩ። በዚህ ሥራ ውስጥ ማዘን ጥሩ አይደለም።

ሐሙስ ጠዋት ሙዌንዴን ወተት ፋብሪካው ላክኋትና እኔ ሔኖክን ላናግረው ሱቁ ሄድኩ። ናይሮቢ ተወልዶ ያደገ፣ አማርኛው ከሦስት ቋንቋ የተሰፋ ወጣት ነው።

«ዲሴምበር ሠላሳ በረኪናውን ማነው የደፋው?»

«ሚ። እኔ ራሴ። ሺፍቴ ነበር።»

«ስንት ሰዓት ላይ?»

«ላይክ… ዘጠኝ ሰዓት ላይ። አፍተርኑን።»

የበር ጠባቂው ደብተር ግን ሔኖክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በጓሮ በር ወጥቶ አሥር ሰዓት እንደተመለሰ ይናገራል። ደብተሩን ፊቱ አስቀመጥኩለት። ከዚያ ወደ መጋዘኑ ወሰድኩትና ከውሻ ምግብ ከረጢቶች ጀርባ ሙዌንዴ ትናንት ሱቁን ስትዞር ያየችውን ካርቶን ጎትቼ አወጣሁ። እርጎ፣ ዳቦ፣ ጭማቂ፤ ሁሉም ቢጫ ስቲከር ያለበት።

«አሁን እንደ ሰው እናውራ» አልኩት።

ግንባሩን በእጁ ያዘና ኬንያ ውስጥ ፖሊስ በሚጠራበት ማዕረግ ጠራኝ። «አፋንዴ፣ ስርቆት አይደለም፣ ሲርየስሊ። ይከፍላሉ። የዋትስአፕ ግሩፕ አለን፣ የእስቴታችን፣ የሰፈራችን ልጆች። ስቲከር ስለጥፍ ጥሩ ጥሩውን ዕቃ ለእነሱ እደብቃለሁ። ሸልፍ ላይ ካወጣሁት ደቂቃ አይቆይም፣ እነዚያ በየቀኑ የሚጠብቁት ማማዎች ያፍሱታል። ያን ቀን ጓሮ በር ሄጄ እያስረከብኳቸው ነበር።»

«በረኪናውስ?»

«ጀሪካኑን ቆሻሻ ክፍል አስቀምጬ ሄድኩ። ስመለስ በርሜሉ ውስጥ አይብና በረኪና ተቀላቅሎ አየሁ። ሰምዋን፣ አንዱ ሰው ሠርቶታል፣ ሳዋ፣ እሺ፣ ብዬ ፈረምኩ።»

«ስንት ዕቃ እንደነበር ቆጠርክ?»

«ማን ቆሻሻ ይቆጥራል?»

«ኪሩቤልስ?»

«ቦስ? እሱ ፎርሙን ቢሮው ሆኖ ነው የሚፈርመው። ኦልዌይስ።»

ላስረው ምንም አልቀረኝም ነበር። ውሸቱን በሁለት ደቂቃ ውስጥ የሚቀይር ሰው ሦስተኛ ውሸት አያጣም። ማኅተሙ የት እንደሚቀመጥ ስጠይቀው የማሸጊያው ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ነው አለኝ፣ ቁልፍ የለውም።

ሙዌንዴ ከፋብሪካው የያዘችው ነገር ደግሞ ጥርጣሬዬን ወደ ኪሩቤል መለሰው። በኖቬምበርም በዲሴምበርም ለሱቁ አንድ በርሜል አይብ አልተላከም። ኪሩቤል ራሱ ነው ያስቆመው፤ ደንበኛዬ ሐበሻ ነው፣ በጾም አይብ አይገዛም፣ ከገና በኋላ ላኩልኝ ብሎ። መጨረሻ የሄደው ኦክቶበር ሠላሳ ነው፣ የሁለት ወር ዕድሜ ያለው። አዲሱ የገባው የገና ማግስት፣ ጋሽ ሀብተወልድ በሞቱበት ቀን ነው።

ስለዚህ በዋዜማው ሱቁ ውስጥ አዲስ አይብ የሚባል ነገር አልነበረም። ታየች የተላከላት በወረቀት የተወገደው፣ በረኪና ተደፋበት የተባለው ነው።

መኪና ውስጥ ቁጭ ብለን ነበር። ሙዌንዴ አንዱን ክዳን በላስቲክ ከረጢቱ ውስጥ እንዳለ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋችው።

«ቀለሙ ሥር ሌላ ቀለም አለ። በአሴቶን ተጠርጎ ነው በላዩ የተመታው» አለች። ከዚያ መሳቅ ጀመረች።

«ምን ያስቅሻል?»

«አፋንዴ፣ ይህን ማስታወሻህ ላይ ጽፈኸው የለም? ለመሆኑ ፌብሩዋሪ ስንት ቀን አለው?»

ክዳኑን ከእጇ ተቀበልኩ። 30 02። አንድ ቀን ተኩል ኪሴ ውስጥ ይዤው ዞሬአለሁ፣ ማስታወሻ ጽፌበታለሁ፣ ላቦራቶሪ ልኬዋለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ያፈርኩበት ጊዜ ጥቂት ነው።

«ማን ነው እንዲህ የሚሳሳት? ሕፃን እንኳ ያውቀዋል» አለች።

እኔ ግን ማን እንዲህ እንደሚሳሳት አውቄዋለሁ። እናቴ ወር ማለት ሠላሳ ቀን ነው፣ ትርፉን ጳጉሜን ትውሰደው ብላ ነው ያሳደገችኝ። ዓይኔ ሠላሳን ሲያይ የማይደነግጠው ለዚህ ነው። ማኅተሙን የመታውም ሰው እንዲሁ ነው። 30 12 ከሚለው ላይ ሠላሳውን አልነካውም፤ የወሩን ቁጥር ብቻ ሁለት ጊዜ አዙሮ ዜሮ ሁለት ላይ አቆመው። ለእሱ ጉድለት አልነበረበትም።

ሔኖክ እዚሁ ተወልዷል፤ የትምህርት ቤት ልጅ ሆኖ ፌብሩዋሪን በጣቱ ቆጥሯል። ኪሩቤል በየዓመቱ ፌብሩዋሪ ሃያ ስምንት የወር መጨረሻ ቆጠራ ያካሂዳል፤ ቢሮው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ዕቅድ ላይ በቀይ ተከቦ አይቼዋለሁ። በዚያ ሱቅ ውስጥ ፌብሩዋሪን ገና ያላየ ሰው መኖሩን ግን መጠየቅ ነበረብኝ። ኪሩቤል ስልክ ላይ ሆኖ የሠራተኞቹን መዝገብ አነበበልኝ። አንዷ ከኢትዮጵያ የመጣችው ሜይ ውስጥ ነው።

መኪናውን ወደ ሁርሊንግሃም፣ ወደ ታየች ቤት አዞርኩት። ደስታ አልተሰማኝም።

ታየች ቤቷ ብቻዋን ነበረች። ምርቃት ሆስፒታል የተኙትን ልታስታምም ሄዳለች አለችኝ፤ ከገና ማግስት ጀምሮ ከሥራ ወጥታ በቀጥታ ወደዚያ ነው የምትሄደው። ሙዌንዴን በር ላይ አቆምኳትና የደረስኩበትን ለታየች አንድ በአንድ ነገርኳት። ስለ ፋብሪካው፣ ስለ በረኪናው፣ ስለ ማኅተሙ። ማኅተሙ ላይ ምን ቀን እንደነበረ ብቻ አልነገርኳትም።

«ስምዎ ጠርቷል» አልኳት። «እርስዎ አላበላሹትም።»

ሦስት ቀን የጠበቀችው ቃል ነበር። ስትሰማው ግን ፊቷ ላይ የተፈታ ነገር አላየሁም። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። የማሸጊያው ጠረጴዛ የማን እንደሆነ ከእኔ ይበልጥ እሷ ታውቃለች።

«እኔ ነኝ» አለች።

«ምኑን?»

«ማኅተሙን የመታሁት። ምርቃትን ልጠይቅ ሱቁ ሄጄ፣ ማንም ሳያየኝ ያለፈበትን ወስጄ ቀኑን ቀየርኩት። እሷ ምንም አታውቅም። ይጻፉት።»

«እሺ፣ ልጻፈው። ምን ቀን መቱበት?»

ትንሽ አሰበች። «ሁለት ወር ጨመርኩበት። ፌብሩዋሪ ሃያ ስምንት።»

ማስታወሻዬን ዘጋሁ። «ወይዘሮ ታየች፣ እርስዎ ናይሮቢ ሃያ ዓመት ኖረዋል። ክዳኑ ላይ ያለው ሠላሳ ነው።»

መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ዓይኗ ሞላ። «እንግዲያው ሠላሳ ብላለች ብለው ይጻፉ። ምን ይጎድልብዎታል? እኔ አርጅቻለሁ፣ ኖሬአለሁ። እሷ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። እኔ ነኝ ያመጣኋት።»

«እቴቴ፣ ተይ።»

ምርቃት በሩ ላይ ቆማለች። ሙዌንዴ ለምን እንዳስገባቻት አልጠየቅኳትም። ልጅቱ ሳትቀመጥ፣ ማንም ሳይጠይቃት ተናገረች።

«ሔኖክ ጀሪካኑን ትቶ ሄደ። ሥራው መሠራት አለበት ብዬ መድፋት ጀመርኩ። አሥራ ሁለቱ ላይ ደፋሁ። ከዚያ እጄ እምቢ አለኝ። ምግብ ነው እኮ ጋሼ። እናታችን አንድ ጭልፋ አይብ ለእንግዳ ብላ ከእኛ ስትደብቅ ነው ያደግነው። ቀሪውን ሃያ አራት ጓሮ ያለው አሮጌ ፍሪጅ ውስጥ አስገባሁት። ለማን እንደምሰጠው እንኳ አላሰብኩም ነበር። ከዚያ የእቴቴ ትዕዛዝ መጣ፣ ሃያ አራት። ሱቁ ውስጥ ደግሞ አንድም የለም። እግዜር ያዘጋጀው መሰለኝ። ያለፈበት ነው ብላት አትቀበለኝም፣ ስለዚህ ቢጫውን ስቲከር ላጥኩት፣ ቀኑንም ጠርጌ ቀየርኩት።»

«ያ የጓሮው ፍሪጅ ከሱቁ ጄኔሬተር ጋር እንዳልተያያዘ፣ መብራት በሄደ ቁጥር እንደሚጠፋ አታውቂም ነበር?»

«አላውቅም። አሸተትኩት፣ ደህና ነበር። አይብ እናታችን ሳምንት ስታቆይ አይቻለሁ።» እዚህ ላይ ድምጿ ተሰበረ። «ብቀምሰው አውቀው ነበር። ጾም ሆነብኝ። እሷም አልቀመሰች፣ እኔም አልቀመስኩ፤ መጀመሪያ የቀመሱት ጋሽ ሀብቴ ናቸው።»

ታየች ተነሥታ እህቷን አቀፈቻት። አልተቆጣቻትም። እኔ መስኮቱን እያየሁ ቆየሁ። ሃያ ሦስት ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ስቆይ ወንጀለኛ ስይዝ እንደዚያ ቀን ልቤ ያዘነበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ቢሆንም ሰው ሞቷል። እጄን ዘርግቼ «እንሂድ እህቴ» አልኳት።

ዓርብ መዝገቡን አስረከብኩ። ኪሩቤልና ሔኖክ ሳያዩ የፈረሙበት ፎርም ከፊት ገጽ ነው ያስገባሁት። ሁለቱ ቆመው ቢቆጥሩ ኖሮ ይህ ሁሉ አይደርስም ነበር፤ ይህን በግልጽ ጽፌዋለሁ። የምርቃትም ቃል አብሮ አለ።

ቅዳሜ ጠዋት ታየች ቢሮዬ መጣች፣ ለእህቷ ምግብ ቋጥራ። ጤና ቢሮ እሽጉን ያነሣበትን ወረቀት አዘጋጅቼ ጠብቄአታለሁ። ከጥፋት ነፃ መሆኗን፣ ምግብ ቤቷን መክፈት እንደምትችል የሚገልጽ፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት ነው። አነበብኩላት።

«ለሰው ሊያሳዩት ይችላሉ» አልኳት። «ስምዎ ጠርቷል።»

«ለማን ነው የማሳየው?» አለች። «ሲጠይቁኝ፣ እኔ አይደለሁም እህቴ ናት ልበል?»

ወረቀቱን ገፋ አድርጋ የምግቡን ዕቃ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። ለምርቃት አድርሱልኝ አለችኝ። ክዳኑን ከፍታ፣ ከሁሉም ዓይነት በእጇ ቆንጥራ ቀመሰችና መልሳ ከደነችው።

ወረቀቱ እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ልትወስደው አልመጣችም።